ወለቀ ወይስ ተነቀለ

የጁኑ ጥርስ የበሰበሰው ሰው ሁሉ ስለሰገደላት ነው።

ሌላ ምክንያት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ልጅቷ አራት ዓመት ከመንፈቋ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ የፑኩቶል መንደር ሰው ጠዋት ጠዋት ጠባቡን ደረጃ እየወጣ ፔዳውንና ላዱውን፣ ከወተትና ከስኳር የተድቦለቦለውን ጣፋጭ ሁሉ፣ እግሯ ሥር ሲደረድር፣ እሷም ስትበላ፣ «በቃሽ» የሚላት አልነበረም። እንስት አምላክን በቃሽ አይሏትም። አፍሽን ክፈቺ፣ ጥርስሽን ልቦርሽሽ አይሏትም። ስትፈልግ ትከፍታለች፤ ካልፈለገች ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ፊቷን ካዞረች ደግሞ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ይወጣል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ሥልጣን ካገኘች የጥርስ ብሩሽ ምን ዕድል አለው?

በፑኩቶል ደንቡ አጭር ነው። ከሻክያ ጎሳ ቤቶች አንዲት ሴት ልጅ ጡት እንደጣለች ትመረጥና በቀዩ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ይቀርና «ድያ ሜጁ» ትባላለች፤ እናትና አባቷ ሳይቀሩ እርስዎ ይሏታል። የመጀመሪያ ጥርሷ እስኪወልቅ ድረስ አምላክ ናት። ጥርሷ በወለቀ ዕለት ከወንበሩ ወርዳ እንደማንኛውም ልጅ ትምህርት ቤት ትገባለች። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው፤ የፊት ጥርሷ ይነቃነቃል፣ ሌላ ልጅ ይፈለጋል፣ ማንም አይከፋም። በአራት ዓመት ከመንፈቋ የወረደች ግን የለችም።

ሮጂና የጁኑ አክስት ናት፣ የአባቷ ታናሽ እህት። ፑልቾክ ውስጥ ባለ ክሊኒክ የልጆች ጥርስ ታክማለች። ወንድሟ ኒራጅ ዓርብ ቀትር ላይ ደውሎ «ጉንጫቸው ትንሽ አብጧል፤ የሚዋጥ ነገር ይዘሽ ብቅ በይ» ሲላት ሦስት ልጆች ተራ እየጠበቋት ነበር። «ትንሽ» የሚለውን ቃል አላመነችውም። ኒራጅ ጣቱን በመዶሻ ሲቀጠቅጥም ትንሽ ነው የሚለው። መሣሪያዎቿን በቦርሳ ከትታ ስኩተሯን አስነሳች።

ምድር ቤት ያለው የኒራጅ የመዳብ መቀጥቀጫ ክፍል ዝም ብሏል። ሌላ ጊዜ መዳብ የሚቀጠቀጥበት ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። ያላለቁ የመዳብ አማልክት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሮጂና ጫማዋን አውልቃ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች።

ጁኑ በቀዩ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀይ ልብስ፣ ቀይ ግንባር፣ እስከ ጆሮዋ የተሳበ ኩል። የግራ ጉንጯ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ተነፍቶ ቆዳው ያብረቀርቃል። አታለቅስም። ሮጂናን ያስደነገጣት እብጠቱ ሳይሆን ይሄ ነው። ድያ ሜጁ ካለቀሰች መንደሩ ላይ ክፉ ነገር ይመጣል ስለሚባል፣ ልጅቷ ከንግግር እኩል የተማረችው አለማልቀስን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ» አለች ናቢና፣ የኒራጅ ሚስት፣ በሩ ጋ ሳህን ይዛ እንደቆመች።

«ባውጁ» አለቻት ሮጂና፣ የወንድሟን ሚስት እንደምትጠራት፤ «እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ጎረቤት አይደለሁም። ከመቼ?»

ናቢና ወደ ባሏ አየች። «ሳምንት ሆኗታል» አለች፤ ወዲያው ደግሞ አረመችው፤ «ሆኗቸዋል። ከተማ ወርጄ የጥርስ ሕመም አምላክ በሚባለው ግንድ ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳንቲም ቸንክሬላቸው መጥቻለሁ።»

«አምላክ ለአምላክ ይነጋገራሉ ብለሽ ነው?»

ናቢና ሳህኑን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ ሮጂና ይህቺ ሴት ከ«እሺ» እና ከ«ሻይ ልጨምርልሽ» ሌላ ስትናገር የሰማችው ጥቂት ነው፤ አከርካሪ የሌላት ሴት አድርጋ ከቆጠረቻት ቆይታለች።

«ጁኑ፣ አፍሽን ክፈቺ ልየው።»

«ስም አትጥሪ!» አለ ኒራጅ ከኋላዋ። «እርስዎ በይ።»

ጁኑ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሮጂና ተጠግታ ከአገጯ ሥር ዳሰሰቻት። ያቃጥላል። ከመንጋጋዋ በታች ያለው ሥጋ ለስላሳ መሆን ሲገባው ጠጥሯል። ውኃ አስመጥታ ከንፈሯ ላይ አደረገችላት፤ ልጅቷ በጭንቅ ዋጠች። መዋጧ ጥሩ ነው። በጭንቅ መዋጧ ጥሩ አይደለም። ወንድሟን እጁን ይዛ ወደ ደረጃው አወጣችው።

«ዛሬውኑ ክሊኒክ ትሄዳለች።»

«ከቤት አይወጡም። የሚወጡት ለሰልፉ ብቻ ነው። እሑድ የበዓሉ ሠረገላ ይሳባል፤ ከፊቱ የሚሄደው የእሳቸው ወንበር ነው። እስከ እሑድ የሚያቆይ ኪኒን ስጫቸው።»

«ዳጁ፣ ወንድሜ፣ ስማኝ። ጥርሱ ሥሩ ድረስ ሞቷል፣ ታቹ መግል ቋጥሯል። ከስድስት ወር በፊት ብትጠራኝ አጽድቼ የብረት ቆብ አለብሰውና ይቆይ ነበር። አሁን መውጣት አለበት። ኪኒን ብቻውን አያወርደውም።»

«ከወጣ ይወርዳሉ!»

«ካልወጣ እብጠቱ ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ያኔ እሑድ የምትሸከሙት ወንበር አይሆንም።»

ኒራጅ ግድግዳውን ተደገፈ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ እጁ በመዳብ ዝገት የጠቆረ ሰው ነው። ለሦስት ትውልድ ከዚህ ቤት ድያ ሜጁ ወጥታ አታውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ለልጁ መስገድ ነው፤ ሲሰግድ ደግሞ የምሩን ነው። ሮጂናን የሚያናድዳት ይሄው ነው፤ ቢያስመስል ኖሮ ይቀላት ነበር።

«እናንተ ሰው ሠራሽ ጥርስ አላችሁ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «ንቀይውና ሌላ ትከይበት። ተመሳሳዩን። እኔ፣ አንቺ፣ ናቢና። ሌላ ማንም አያውቅም።»

ለአራት ዓመት ልጅ! ልትስቅበት ነበር። ከዚያ ግን ፊቱን አየችና ይህ ሰው በሩን የሚከፍትላት በዚህ ብቻ እንደሆነ ገባት።

«እሺ» አለች።

«እሑድ ሳይደርስ?»

«ዛሬ እነቅለዋለሁ፤ ተተኪውን ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።»

ለመዋሸት አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀባት። ኒራጅ በሩን ከውጭ ዘግቶ ሰው እንዳይገባ ደረጃው ላይ ቆመ።

መርፌው ተዘጋጀ፣ ጉጠቱ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ፣ አፉ ግን አልተከፈተም። ሮጂና ለመነች። አባበለች። በመጨረሻ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ «ድያ ሜጁ፣ እባክዎ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለች፤ የራሷን ድምፅ ስትሰማ አፈረች። ጁኑ ከንፈሯን እንደገጠመች ራሷን ነቀነቀች። በጉልበት መያዝ ይቻላል፤ ያበጠ ጉሮሮ ያላትን ልጅ በጉልበት ይዞ መርፌ መውጋት ግን ሮጂና ከክሊኒኳ የምታባርረው ዓይነት ሰው ሥራ ነው። ውጭ አንዲት ሴት «ዛሬ አይሰገድም እንዴ?» ስትል ተሰማ፣ ኒራጅም «እረፍት ላይ ናቸው፤ ነገ» ሲላት።

ናቢና ሳህኑን መሬት አስቀመጠች።

ወደ ቀዩ ወንበር ሄዳ ልጅቷን አነሳቻትና ራሷ ተቀመጠችበት። ሮጂና እንኳ፣ ምንም የማታምነው ሮጂና፣ ክው አለች። በዚያ ወንበር ላይ ማንም አዋቂ ተቀምጦ አያውቅም። ናቢና ጁኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አገጯን ያዘች።

«ጁኑ። አፍሽን ክፈቺ።»

ልጅቷ ዓይኗን እናቷ ላይ ተከለች። የሰማችው ቃል የሌላ አገር ቋንቋ ሳይሆንባት አልቀረም።

«እናትሽ ነኝ። ክፈቺ አልኩሽ።»

ጁኑ ከፈተች። ከፍታም አለቀሰች፤ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ልቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ኩሉ በእብጠቱ ላይ ወረደ። ኒራጅ በሩን ደበደበ። «ምንድን ነው? አለቀሱ? ናቢና፣ አለቀሱ እንዴ?»

«እንዳትገባ!» አለች ናቢና።

መግል የቋጠረ ቦታ ላይ ማደንዘዣ አይሠራም፤ ሮጂና ከኋላ፣ ነርቩ ከሚገባበት ወጋቻት። ከንፈሯ እስኪደነዝዝ ጠበቁ። ጥርሱ የታች ግራ የመጀመሪያው መንጋጋ ነው፣ መሀሉ ተቦርቡሮ ቡናማ ጉድጓድ ሆኗል። ከላይ ሲያዩት በጣት የሚወጣ ይመስላል። ጉጠቱ ሲይዘው ግን እንቢ አለ። ሮጂና ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ገፋችው፣ ቆመች፣ እንደገና ገፋችው። ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ወጣ፣ መግሉም ተከተለው፤ ሽታው ናቢናን ፊቷን እንድታዞር አደረጋት፣ እጇን ግን አላላላችም።

ሮጂና ጥርሱን በብርሃን አየችው። ሁለት ሥር አለው። አንዱን መግሉ በልቶታል። ሌላው ሙሉ ነው፣ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ። በቀላሉ ያልወጣው ለዚህ ነው። በጨርቅ ጠቅልላ ልታስቀምጠው ስትል ናቢና እጇን ዘረጋችና ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ አስገባችው።

ማደንዘዣው ሳይለቃት ሥራ ቀርቷል። ሮጂና ከኋላ ባለው ጤነኛ መንጋጋ ላይ የብረት ቀለበቶችን እየለካች የሚገጥመውን መረጠች፣ ለስላሳ ሊጥ መሳይ ነገር አስነክሳ የአፏን ቅርፅ ወሰደች።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለች ናቢና። «የወተት ጥርስ አይደለም? ሌላ ይበቅል የለ?»

«ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል፤ ከዚያ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጥርሳቸው ተደራርቦ ያመጡልኛል። ይበቅላል፣ ግን አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። እስከዚያ ቦታውን ማን ይጠብቅለታል? ስድስት ዓመት ሲሞላት ከኋላ ትልቁ መንጋጋ ይመጣል። የፊቱን ይገፋል። ማይክሮባስ ውስጥ አንድ ሰው ሲወርድ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ይል የለ? ባለቤቱ ሲመለስ ወንበሩ የለም። ድዷ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል ወይም በጎን ይወጣል። ስለዚህ ከኋለኛው ጥርስ ላይ ቀለበት አስሬ፣ ከቀለበቱ ሽቦ አውጥቼ የፊተኛውን አስነካዋለሁ። መሀሉ ክፍት ይሆናል። ማንም አይጠጋም።»

«መሀሉ ክፍት» አለች ናቢና። «ጥርስ የለውም ማለት ነው?»

«የለውም። እንድታኝክበት ሳይሆን ቦታ እንዲጠብቅ ነው።»

«ኒራጅ ግን…»

«ለኒራጅ አይደለም የምሠራው።»

ናቢና በሩን አየች። ከዚያ ጁኑን፤ ልጅቷ አፏን ከፍታ፣ ምራቅና ደም በጨርቅ ላይ እያዝረከረከች አንቀላፍታለች። ናቢና በጨርቁ ጫፍ አገጯን ጠረገችላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሮጂና ስትመጣ ደረጃው ላይ ሰው ሳህን ሳህኑን ይዞ ተሰልፏል። ለማለፍ ፈቃድ ስትጠይቅ አንዲት አሮጊት «ተራሽን ጠብቂ የኔ ልጅ፣ እኛም ለዋዛ አልቆምንም» አሏት። እየተጋፋች ወጣች።

ጁኑ በወንበሯ ላይ ነበረች። እብጠቱ ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ የቀረውን ቀዩ ቀለም ሸፍኖታል፤ በግንባሯ ላይ ሦስተኛው ዓይን ተስሏል። እግሯ ሥር የተደረደረው ፔዳ እስከ ወንበሩ መቀመጫ ደርሷል። አንዱን በቀኝ በኩል ታኝካለች።

ሮጂና የመጨረሻውን ሰጋጅ አስወጥታ በሩን ገጠመችው፣ ሳህኑንም አነሳችው።

«ተይ!» አለ ኒራጅ። «የሰው ስእለት ነው!»

«በስእለት ነው የበሰበሰችው።» ጎንበስ ብላ «ኣ በይ» አለቻት፣ እናቷም ከማዕዘን «ክፈቺላት» አለች። ከቀኝ በኩል የታችኛው መንጋጋ ላይ የሽንብራ ግማሽ የምታህል ቡናማ ነጥብ። «ና እይ። ዳጁ፣ ና እይ ነው የምልህ። በዚህም በኩል ጀምሯል። ይሄንንም ስነቅለው ሌላ ልትከልበት ነው? ከዚያስ? አፏን ሙሉ?»

ኒራጅ ግን የሚያየው የልጁን አፍ አልነበረም። በሮጂና መዳፍ ላይ ያለውን ነገር ነው፤ ትንሽ የብረት ቀለበት፣ ከጎኗ የታጠፈ ሽቦ።

«ጥርሱስ?»

«የለም።»

«ተስማምተን ነበር!»

«አልተስማማንም። ዋሽቼህ ነው።»

ፊቱ ደም ለበሰ። «ካህኑ፣ ጉሩጁ፣ ዛሬ ለምርመራ ይመጣሉ። ከሰልፉ በፊት ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ አፋቸውን ያያሉ። ታውቂያለሽ! ምን ልላቸው ነው?»

«የሆነውን። አንተ የምትቀጠቅጣቸው አማልክት መዳብ ናቸው፣ ፔዳ አይበሉም። ይቺ ትበላለች።»

መልሱን አልጠበቀችም። የኋለኛውን ጥርስ በጥጥ አደረቀች፣ ሲሚንቶውን በጥብጣ ቀለበቱን ሞላችና ወደ ቦታው ገፋችው።

«ኒኒ፣ ያማል?» አለች ጁኑ አክስቷን፣ አፏ ውስጥ ባለው ጣት መሀል። ሮጂና ዛሬ የሰማችው የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ጫን ይላል እንጂ አያምም። እንዳትዘጊ። እስኪደርቅ ጣቴን አላነሳም።»

ያኔ ደረጃው ላይ ሳል ተሰማ። ቀስ ያለ፣ በየእርከኑ የሚያርፍ ሳል። ኒራጅ እንደ ጨው ነጣ።

«እጅሽን አውጪ» አለ በሹክሹክታ። «ሮጂና፣ አውጪ!»

«ካወጣሁት ይወልቃል።»

ጉሩጁ ሳኑካጂ ገቡ። የመንደሩ ካህን ናቸው፤ ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ባርኔጣቸው አንድ ጆሯቸው ላይ የተኛ ሽማግሌ። አንዲት ሴት ሁለት ጣቷን በድያ ሜጁ አፍ ውስጥ አስገብታ ቆማ ሲያዩ ደፉ ላይ ቆሙ።

«ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ኖርኩ» አሉ፣ «ይሄን ግን አላየሁም።»

«ትንሽ ይታገሡኝ ጉሩጁ፣ ሊደርቅ ነው።»

ሽማግሌው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ከታች የተሰለፈው ሰው ያጉተመትማል። ኒራጅ የእጁን ጣቶች እያንቋቋ ቆሟል፤ ናቢና ከማዕዘኑ አልተንቀሳቀሰችም። ሮጂና ጣቷን ስታነሳ ጉሩጁ ተጠግተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጁኑ ሳትጠየቅ አፏን ከፈተችላቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ለምዳዋለች።

ክፍተቱን አዩ። ሽቦውን አዩ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሠረገላው ቆሟል» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ገመዱ ታስሯል። ነገ ጠዋት ነው። አሁን ከየት ሌላ ልጅ አመጣለሁ?»

ኒራጅ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «ጉሩጁ፣ አልወለቀም። በሕመም ምክንያት ተነቀለ እንጂ። ደንቡ የሚለው እስኪወልቅ ድረስ ነው። እስኪነቀል አይልም!»

«አባቴ ሲያስተምረኝ እስኪወልቅ ነው ያለኝ» አሉ ጉሩጁ። «ስለ ጉጠት ያነሳው ነገር የለም።» ትከሻቸው ዘና ሲል ሮጂና አየች። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደክሟቸዋል፣ ነገ ጠዋት ሺህ ሰው ይጠብቃቸዋል፣ መውጫ ቀዳዳ ደግሞ ተገኘ። «ከተነቀለማ… የተነቀለ እንዳልወለቀ ሊቆጠር ይችላል። ነገ ይወጣሉ። ከዚያም የፊት ጥርሳቸው በራሱ እስኪነቃነቅ ይቀመጣሉ።»

ሮጂና አሰበችው። ዓመት ከመንፈቅ ወይም ከዚያ በላይ። በየቀኑ ሳህን። የቀኙ መንጋጋ፣ ቀጥሎ ከኋላው ያለው፣ ቀጥሎም ቀለበቱን የተሸከመው። ከስድስት ዓመቷ በፊት አፏ ውስጥ የሚጠበቅ ቦታ እንጂ የሚጠብቀው ጥርስ አይቀርም። ስትታመም ደግሞ አታለቅስም።

«ሐኪም» አሉ ጉሩጁ ወደ እሷ ዞረው። «ነገሩ በአንቺ ቃል ላይ ነው ያለው። ጥርሱ ወለቀ ወይስ ተነቀለ?»

እውነቱ አንድ ቃል ነበር፣ ልጅቷንም በዚያ ወንበር ላይ የሚያስራት እሱው ነው። ትናንት ወንድሟን መዋሸት ቀሏት ነበር፤ ወንድም ነው፣ ነገ ይታረቃሉ። አሁን ግን የጠየቋት በሙያዋ ነው። በተማረችበት ሁሉ፣ በሠራችበት ሁሉ፣ የነቀለችውን ነቀልኩ ከማለት ሌላ ተናግራ አታውቅም። ውሸቱ ምላሷ ላይ መጥቶ አልገፋ አላት።

«ሥሩ…» አለች። «አንደኛው ሥር…»

«ወለቀ።»

ሁሉም ዞረ። ናቢና ከማዕዘኑ ወጥታ ቆማለች።

«ሐኪሟ ሳትነካው ነው የወለቀው» አለች። «ጭኔ ላይ አስቀምጫት ነበር። አፏን ስትከፍት እጄ ላይ ወደቀ። ይኸው።» ከመቀነቷ ጨርቁን አውጥታ በጉሩጁ መዳፍ ላይ ፈታችው።

«ናቢና!» አለ ኒራጅ።

ጉሩጁ ጥርሱን አገላበጡት። የተቆለመመውን ሥር በጣታቸው ነኩት። ወደ ሮጂና ቀና አሉ። «እንዲህ ነው?»

«የያዘቻት እናቷ ናት» አለች ሮጂና።

ሽማግሌው ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ናቢና ላይ ቆዩ። «አፏን፣ ነው ያልሽው» አሉ። «አፋቸውን አላልሽም።»

«አዎ። አፏን።»

ከታች አንድ ሰው በሳቅ ሲፈነዳ ተሰማ። ጉሩጁ ጥርሱን መልሰው ጠቀለሉና ለናቢና ሰጧት። «እንግዲህ ወርዳለች» አሉ። «ወንበሩ ነገ ባዶውን ይሄዳል። የሚጠይቀኝን እኔ እመልሳለሁ።» ለመነሳት ግድግዳውን ያዙ። እንደልማዳቸው ወደ ልጅቷ ጎንበስ ማለት ጀመሩና መሀል ላይ ቀሩ፣ ቀና ብለውም ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወጡ። ሳላቸው እየራቀ ሄደ።

ናቢና ጁኑን ከወንበሩ አወረደቻት። «ነይ፣ ፊትሽን እንታጠብ» አለቻትና ይዛት ወደ ጓዳ ገባች።

ኒራጅ ከተንበረከከበት አልተነሳም። «ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ» አለ። «በሩ ጋ ነበርኩ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ሮጂና፣ መሣሪያዋን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች።

«አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ…»

«ለምን አልተነፈስክም?»

«ሚስቴን በጉሩጁ ፊት ውሸታም ላስብላት?» ፊቱን በጥቁር መዳፎቹ አሸ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን ጠርቼው አላውቅም። አሁን ድንገት ጁኑ፣ ነይ፣ ሂጂ ልበላት? አፌ እሺ ይለኛል?»

«ይለምዳል። ጣፋጭ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ማታ ማታ አንተው ራስህ ቦርሻት፣ አፍህ የሚለምደው ያኔ ነው። ቀለበቱን በምላሷ እንዳትጎረጉር። የቀኙን ማክሰኞ ክሊኒክ አምጣት፣ እሱ ገና ይድናል።»

«ትመጣለች» አለ ኒራጅ። ከዚያ ወደ በሩ ጆሮውን ሰጠ፤ ደረጃው ላይ ያለው ጉምጉምታ እየጨመረ ነው፣ አሮጊቷ «እንግባ ወይስ እንደር?» እያሉ ነው። «ሰዎቹስ? ሰዎቹን ምን ልበላቸው?»

«ፔዳውን ለቤታቸው ይዘው ይመለሱ» አለች ሮጂና፤ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ወጣች፣ በሩንም ዘጋችው።